ተረኛው እስኪመጣ

ወንድሜ ምድርን የምንጠብቃት እኛ ነን ይል ነበር። እኛ ማለት ከሰል አክሳዮቹ።

የእኛ ቤት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። በአካባቢው ዲከረንስ ያልተከለ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዛፉ ቶሎ ያድጋል። ሲደርስ ይቆረጥና ይከመራል፣ ክምሩ ሣርና አፈር ይለብሳል፣ ከዚያ እሳት ይለኮስበታል። ለቀናት ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ከሰል ይሆናል። ጠዋት ከቤት ወጥቶ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው ኮረብታው ሁሉ ይጨሳል። ለእኔ ይህ ሥራ ነበር፤ ሳልና የጠቆረ አንገት። ወንድሜ ግን ጋሻ ነው ይለው ነበር።

«ከላይ ሆነው ሲያዩ» ይለኛል፣ «ሌላው አገር ቁልጭ ብሎ ይታያቸዋል። እዚህ ሲደርሱ ጭስ ብቻ ነው። ሰው የለበትም ብለው ያልፋሉ።»

«እነማን?»

«እነሱ ናቸዋ። ስም የላቸውም። ስም ካወጣህላቸው ይሰሙሃል።»

ወንድሜ ጥቂት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ስላልመጣለት ወደ ቤት ተመልሶ ከአባታችን ጋር ከሰል ያከስል ጀመር። ተማሪ እያለ ቆሰበር ካለ አንድ ቪዲዮ ቤት አይጠፋም ነበር። ቆሰበር የእንጅባራ የድሮ ስሟ ነው፤ እኛ ሰፈር እስከ ዛሬ ይኸው ነው መጠሪያዋ። እዚያ ከሌላ ዓለም የሚመጡ ፍጡራን ያሉበትን ፊልም ሁሉ አይቷል። አንድ ነገር ያናድደው ነበር።

«ሁልጊዜ ፎቅ ያለበት አገር ነው የሚወርዱት» ይላል። «ድንች አይወዱም እንዴ? ፈረስ አይወዱም? ምን አጠፋን እኛ?»

ከዚያ ራሱ መልስ አገኘለት። መጥተዋል፤ ግን ጭሱ ስለደበቀን አላገኙንም። የሚያርፉበት ቦታ አጥተው ዘንገና ውስጥ ገቡ። ዘንገናን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ሐይቁ ክብ ነው፣ በገደል የተከበበ፣ ጥልቅ። የሚገባበት ወንዝ የለም፣ የሚወጣም የለም። ልጅ ሆኜ ድንጋይ ስወረውርበት ድምፁ ቆይቶ ነበር የሚመጣልኝ።

ታሪኩን የሚነግረኝ ክምር ስንጠብቅ ነበር። ክምር ሲጨስ ትቶት መሄድ አይቻልም። አፈሩ ከተሰነጠቀ አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ይነድና አመድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው አካፋ ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ስንጥቅ ሲያይ አፈር ይጥልበታል፣ በአካፋው ጀርባ ይመታዋል። እኛ ቤት አንድ ደንብ ነበር፤ ከአባቴ የመጣ። የሚቀይርህ ሰው መጀመሪያ ክምሩን አንድ ጊዜ ይዞራል። አፈሩን እየነካ ያያል። ከዚያ እጁን ይዘረጋል፤ አካፋውን እጅ በእጅ ትሰጠዋለህ። መሬት ላይ አይቀመጥም። መሬት ላይ ያስቀመጡት አካፋ ሣር ውስጥ ይጠፋል፤ በሚፈለግበት ሰዓት አይገኝም። ተረኛ ካልመጣ ቦታህን አትለቅም።

ይህን ደንብ ወንድሜ ታሪኩ ውስጥ አስገባው።

ታሪኩ ውስጥ ያሉት ልጆች የእኛ እኩዮች ነበሩ። አንዷ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ድንች በጋሪ የምታመላልስ ልጅ ናት። እነሱ ሲቃረቡ ፈረሷ ጆሮውን አቁሞ አልሄድም ይላል። ሁለተኛው ቆሰበር ባጃጅ ይነዳል፤ የባጃጁ መብራት በራሱ ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲል መቃረባቸውን ያውቃል። ፈረሱ ሲቆም እሷ ትደውልለታለች። ኔትወርክ ከሌለ ጋሪዋን ትታ ትሮጣለች። ኔትወርክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለም። እሱ በየኮረብታው እየዞረ ጭስ የቀነሰባቸውን የክምር ጠባቂዎች ያስነሳል፣ «አርጥብ! አርጥብ!» ይላል፤ እርጥብ ቅጠል ጨምሩበት ማለቱ ነው። ልጆቹ ጦር መሣሪያ የላቸውም። ታሪኩ ሲጀመር እኔ በዚህ አኩርፌ ነበር።

«አንድ ሽጉጥ እንኳ ስጣቸው» አልኩት።

«ሽጉጥ ምን ያደርግላቸዋል? ጭስ ነው ያልኩህ። አንተ ደግሞ የክምርህን ስንጥቅ እይ።»

የመጨረሻው ልጅ ከሁሉም ያንሳል። ከሐይቁ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ የመጨረሻውን ክምር የሚጠብቀው እሱ ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ ያስፈራኝ ነበር። እነሱ ጭስ ውስጥ ማየት የሚችሉት ብቻውን ያለን ሰው ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጠ አያዩትም። ለምን እንደሆነ ወንድሜ አልነገረኝም። አንድ ቀን ተረኛው ይዘገያል። ልጁ ብቻውን ቀረ። ክምሩን ትቶ ቢሮጥ ጭሱ ይጠፋል፣ አገሩ ሁሉ ይታያል። ቢቀመጥ እነሱ ያዩታል። ከታች ሐይቁ ሳይነፍስ ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንተ ተኛህ።»

እውነቱን ነው፤ እዚያ ጋ ስንደርስ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ነቅቼ ሳለሁ ደግሞ አባቴ ከታች ይጮሁብናል። «አፋችሁን ከምትከፍቱ ስንጥቁን ድፈኑ!» ይላሉ። አባቴ ታሪኩን የሚሰሙት አይመስለኝም ነበር። እርሳቸው በአዊኛ ነው የሚያስቡት። እናቴ የደጋ ዳሞት ሰው ስለሆነች እኔ ያደግኩት በአማርኛ ነው። ወንድሜ ሁለቱንም ያወራ ነበር። እኔ ስወለድ አባቴ ማውራት ቀንሰው ነበር መሰለኝ።

የመጨረሻው ቀን እንደሌላው ቀን ነበር። ከዚህ በላይ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከሰል ጭነን ጨረስን። ወንድሜ ከጭነቱ ጋር ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ነበር፤ የመኪናው ረዳት የድሮ የክፍል ጓደኛው ነው። እኔ ኮረብታው ላይ አዲስ የተለኮሰ ክምር ነበረኝ። ሳይሄድ ወጣ። ክምሩን ዞረው፣ አፈሩን ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ አካፋውን ከእጄ ወስዶ አንድ ስንጥቅ ደፈነና መልሶ ሰጠኝ።

«ስመለስ እቀይርሃለሁ። መጨረሻውንም ያኔ እነግርሃለሁ።»

«አሁን ንገረኝ።»

«መኪናው ጥሎኝ ይሂድ?»

እየሮጠ ወረደ። ሲሮጥ አንድ ትከሻው ዝቅ ይል ነበር። ይህን ከሞተ በኋላ ነው ያስተዋልኩት።

መኪናው ከዳንግላ አልፎ ተገለበጠ። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ስላልነበረ ወሬው ሰው በሰው ነው የመጣው። እኔ ኮረብታው ላይ ነበርኩ። ጠዋት የጎረቤት ሽማግሌዎች ሲወጡ አየኋቸው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። መዘቅዘቃቸውን እንኳ ልብ አላልኩትም። አንደኛው «ና፣ አባትህን ትንሽ አሟቸዋል» አሉኝ።

«ክምሩን ማን ይጠብቃል?»

«ተወው ልጄ።»

«አካፋውን ማን ይቀበለኛል?»

እርስ በርስ ተያዩ። «ጣለውና ና» አሉኝ። አልጣልኩትም። ይዤው ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ፤ ያን ጊዜ አወቅኩ። እግሬ ግን መራመዱን አላቆመም። ግቢያችን ስደርስ ሰው ሞልቷል። የማላውቃት ሴት አካፋውን አይታ «ወይኔ ልጄን፣ ከመቃብሩ ነው የመጣኸው?» አለችኝና አቀፈችኝ። አይደለም ማለት አቃተኝ። መቃብሩ ገና አልተቆፈረም ነበር።

የአገራችን የፈረሰኞች ማኅበር አባላት ለቀብሩ ፈረሶቻቸውን እየሳቡ መጡ። ሲቀበር ብዙ ሰው ነበር። ከዚያ በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። ሰው ሁሉ ሥራ አለበት። ኮረብታው ላይ የተውኩት ክምር በማንም ሳይጠበቅ ተሰነጣጥቆ ነዶ አለቀ። ሄጄ አየሁት፤ ግራጫ አመድ ብቻ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲህ ኮረብታ አልወጡም። ደጃፍ ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ነበር።

ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ልጆቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቦታ ይለቁልኝ ነበር፤ በኋላ ተዉት። ማታ የወንድሜ መደብ ባዶ ነው። እናቴ አልነካችውም፣ እኔም አልተኛሁበትም። የፊዚክስ መምህራችን ስለ ፕላኔቶች ሲያስተምር ወንድሜ ምን እንደሚል አስብ ነበር። የምነግረው ሰው ግን አልነበረም። ስለ እሱ ማንም ሊያወራኝ ይችላል፤ ሁሉም ሰው ደግ ልጅ ነበር ይላል። ስለ ጋሪዋ ልጅ የሚያወራኝ ግን የለም። ስለ ባጃጁም። እነዚያ ልጆች ከእሱ ጋር ኮረብታው ላይ ቀሩ። ያ ትንሹ ልጅ ክምሩ አጠገብ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። ተረኛው መጣ ወይስ አልመጣም? ይህን ካላወቅኩ ወንድሜ የተወልኝ ግማሽ ነገር ነው።

ራሴ ልጨርሰው ሞከርኩ። ተረኛውን አመጣሁት፤ ውሸት ሆነብኝ። አስቀረሁት፤ ልጁን ጥዬው የሄድኩ መሰለኝ። ሁለቱንም ተውኳቸው።

ከአርባው በኋላ፣ ቀድሞ የተቆረጠው ዲከረንስ አሁንም ሜዳ ላይ ነበር። ዝናብ ሳይመታው መክሰል አለበት። የጎረቤት ልጆች እየረዱኝ ከመርኩት፣ አፈር አለበስኩት። መለኮስ ግን አልቻልኩም። ከለኮስኩት በኋላ ተረኛ ያስፈልገኛል፤ ተረኛ የለኝም። ክብሪቱን በኪሴ ይዤ ወርጄ ሄድኩ።

በማግስቱ ወደ ዳንግላ ተሳፈርኩ። የወንድሜ ጓደኛ፣ የመኪናው ረዳት፣ ተርፏል። እግሩ ተሰብሮ እናቱ ቤት ተኝቷል መባሉን ሰምቼ ነበር። ወንድሜ ደግሞ መንገድ ላይ ዝም የሚል ሰው አይደለም። መጨረሻውን ነግሮት ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሰው ዶሮ ይዞ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ሰው ልጠይቅ ነው አልኩት። «ታሞ ነው?» አለኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።» ከዚያ በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ፤ አየኝ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ጩጬው! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የረዘምከው? እሱን መስለህ መጣህ እኮ፤ ሰው ታስደነግጣለህ።»

እግሩን ወጌሻ በቀርከሃ አስሮለታል። እናቱ እያለቀሱ ሳሙኝና ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። «ብላ ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣኸው።» ብዙም ሩቅ አልነበረም። በላሁ።

እሱ አደጋውን የምጠይቀው መስሎት እጁን ያፍተለትል ነበር።

«እንዴት እንደሆነ ልንገርህ?» አለኝ በመጨረሻ።

«አይ። ስለሱ አይደለም። መኪና ውስጥ ታሪክ ነግሯችሁ ነበር? ስለ ሐይቁ፣ ስለ ጭሱ?»

አየኝ፤ ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ እግሩን አመመው። «እሱን? ከአዲስ ቅዳም እስከ ዳንግላ አፉን አልዘጋም። ሾፌሩ 'ይሄን ልጅ ከኋላ ከከሰሉ ጋር ጫኑልኝ' ይላል፤ ግን ዝም ሲል ራሱ ነው 'እና ከዚያስ?' የሚለው። የጋሪዋን ልጅ ወዷት ነበር። 'ባል አላት ወይ?' ብሎ ጠየቀው።»

«ምን አለው?»

«'ፈረስ አላት' አለው።»

ሳቅኩ። እሱ ከሞተ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

«መጨረሻውን ነገራችሁ? ተረኛው መጣ?»

እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስተካከለ። «ሾፌሩ ጠየቀው። 'እኔም አላውቅም፣ አባቴ እስከዚያ ድረስ ነው የነገሩኝ' አለ።»

«አባቴ?»

«አባታችሁ ናቸዋ። አታውቅም እንዴ? ባጃጁን፣ ጋሪዋን፣ ጭሱን እሱ ነው የጨመረው። ብቻውን ያለ ሰው ነው የሚታያቸው የሚለውን ግን አባታችሁ ናቸው በአዊኛ የነገሩት፣ ሕፃን ሳለ። እርሳቸው ልጅ ሆነው ገብስ ከዝንጀሮ ሲጠብቁ፣ ሁለት ሁለት ሁኑ፣ ሐይቁ ውስጥ ያለው ነገር ብቸኛ ሰው ያያል ተብለው ነው የተላኩት አሉ። ወንድምህ ሲነግረኝ 'አባቴ ታሪክ ያውቃሉ ብልህ አታምነኝም' ይለኝ ነበር።»

እኔም አላመንኩም። ልሄድ ስነሳ እጄን ያዘኝ። «ልትጠይቀኝ ያልፈለግከውን ሌላ ቀን ከፈለግክ እነግርሃለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። አንድ ቀን እጠይቀው ይሆናል።

ስመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ነበሩ። የት ዋልክ አሉኝ። ዳንግላ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። እኛ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር ከየት ይጀመራል? እራቴን በልቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ክምሩን ለኮስኩት። መጨረሻውን ስላገኘሁ አይደለም። ዝናቡ ስለቀረበ ነው። የመጀመሪያው ጭስ ነጭና ወፍራም ነው፤ ዓይን ያቃጥላል። እናቴ ምግብ አምጥታልኝ ወረደች። አካፋውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከሐይቁ ጉም ተነስቶ ከጭሱ ጋር ተቀላቀለ፤ ከጥቂት ርቀት በላይ አይታይም ነበር። እንደዚያን ጊዜ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ሐይቅ ውስጥ ምንም እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ጀርባዬን ለሐይቁ አልሰጠሁም።

ከሰዓት በኋላ ኮቴ ሰማሁ። ዱላ ድንጋይ ሲመታ። ከጉሙ ውስጥ አባቴ ወጡ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«አባባ፣ ለምን ወጡ? ጉልበትዎን ያምዎታል እኮ።»

«ጉልበቱ የኔ ነው።»

ክምሩን መዞር ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ በዱላቸው ሳይሆን ጎንበስ እያሉ በመዳፋቸው አፈሩን እየነኩ። ጉሙ አንዴ ከወዲያ በኩል ሸፈናቸው። ሲመለሱ ፊቴ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጣ።»

አካፋውን ሰጠኋቸው። እጄ ባዶ ሲሆን የት እንደማደርገው አላወቅኩም። ወንድሜ ከሰጠኝ ቀን ጀምሮ ማንም ተቀብሎኝ አያውቅም ነበር።

«ውረድና አረፍ በል» አሉኝ። አልወረድኩም። እርሳቸውም አልደገሙትም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ አጠገባቸው።

«የጋሪዋ ልጅ» አሉ፣ ክምሩን እያዩ። «ምን ሆነች?»

ዞር ብዬ አየኋቸው። «እርስዎ ይሰሙ ነበር?»

«እየጮኸ ነበር እኮ የሚያወራው። ደንቆሮ ነኝ እንዴ?»

ነገርኳቸው። እንደ እሱ አልችልም፤ ቅደም ተከተሉ ይጠፋኛል፣ ቆሜ እመለሳለሁ። ስለ ፈረሱ ስነግራቸው «ፈረስ እንደዚያ ያደርጋል» አሉ። ሾፌሩ ስለ ጋሪዋ ልጅ የጠየቀውን ስነግራቸው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ስቀው ይሁን አልቅሰው አላውቅም። ትንሹ ልጅ ጋ ደረስኩ። ተረኛው ዘግይቷል፣ ሐይቁ ይንቀሳቀሳል።

«እዚህ ጋ ነው ያቆመው» አልኩ። «መጨረሻውን እርስዎ ያውቁታል?»

አባቴ ሐይቁን ወደሸፈነው ጉም አዩ። «እኔም አልተነገረኝም። አባቴ 'ሁለት ሁኑ' ብቻ ነው ያሉን። ሁለት ሆነን ሄድን። ምንም አልመጣም። ገብሱን ጠብቀን ተመለስን።» አካፋውን ከአንድ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «እኔ ወንድምህ የሄደ ቀን መንገዱን ነበር የማየው። ወደዚህ አላየሁም። አንተም ብቻህን እዚህ ነበርክ።»

ወንድሜ ቢኖር ኖሮ አንድ ነገር ብሎ ያስቀን ነበር። ቦታው በግልጽ ይታየኝ ነበር፤ ከአባቴ ወዲያ፣ ሣሩ ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት። አሁንም ኮረብታ በወጣሁ ቁጥር ይታየኛል። ሁለት መሆናችን ያንን አልሞላውም።

«ያውና» አሉ አባቴ። ከወዲያ በኩል ጭሱ ወፍሮ ይወጣል። አፈሩ ተሰንጥቋል። አካፋውን ተደግፈው ተነሱ። እኔ አካፋ ስላልነበረኝ አፈሩን በእጄ እያፈስኩ ተከተልኳቸው።